በእጅ የታጠፈ ሽፋን

ሸክላ ሲያነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ነው። እኔ ቶሎ ገልብጬ ጀርባውን አነባለሁ። በተለይ ዋሽንግተን ውስጥ የተሠሩ የሮክ ሸክላዎች ጨዋታቸው ከጀርባ ነው። ዋጋቸው ከፖስታ ቤቱ ክፍያ ጋር ተደምሮ እዚያው ሽፋኑ ላይ ታትሟል። ደብዳቤ የሚላክበት አድራሻ አለ። ማን እንደቀዳው፣ የት እንደተቀዳ፣ ፎቶውን ማን እንዳነሳ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ዋጋን ሽፋን ላይ ማተም እንደ ዋዛ የሚታለፍ ነገር ይመስላል፤ ግን ባለሱቁ በእጥፍ ልሽጥ ቢል ገዢው ገልብጦ እውነተኛውን ዋጋ ያነባል፤ ካልተስማማውም ገንዘቡን በፖስታ ልኮ ከራሳቸው ከሠሪዎቹ ያስመጣል።

የዚህ ልማድ ባለቤት ዲስኮርድ የሚባለው የሸክላ አሳታሚ ነው። ታሪኩ በ1980 ይጀምራል፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። ቲን አይድልስ የሚባል፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ያቋቋሙት የፓንክ ባንድ ነበር። አንድ ዓመት ያህል ተጫውተው ተበተኑ። በየመድረኩ ያገኙትን ሳንቲም ሳይካፈሉ በአንድ የሲጋር ሳጥን ያጠራቅሙ ነበርና ሲለያዩ ሳጥኑ ውስጥ ጥቂት መቶ ዶላር ተገኘ። ተካፍለው ወደየቤታቸው መሄድ ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ባንዱ ከፈረሰ በኋላ ሸክላ ይውጣለት አሉና ስምንት ዘፈኖችን በአንዲት ባለ ሰባት ኢንች ሸክላ ላይ አሳተሙ፤ 1000 ቅጂ። ዲስኮርድ ቁጥር አንድ ማለት እሷ ናት።

ሸክላውን ፋብሪካ ያትመዋል፤ ሽፋኑን ማሠራት ግን ሌላ ገንዘብ ነው። ስለዚህ የሌላ ሸክላ ሽፋን በጥንቃቄ ፈተው ቅርጹን ወረቀት ላይ ገለበጡ። በዚያ ልክ አሳትመው እቤት አመጡትና በመቀስ እየቆረጡ፣ እያጠፉ፣ በሙጫ እያጣበቁ ሽፋን ሠሩለት። ጓደኛም ጎረቤትም ማታ ማታ እየመጣ ያግዝ ነበር። ቀጥለው ለወጡት ሸክላዎችም እንዲሁ አደረጉ። ከዚያ ዘመን የተረፈ ሸክላ እጄ ሲገባ መጀመሪያ ጠርዙን የምዳብሰው ለዚህ ነው። መቀሱ ትንሽ የሳተበት፣ ሙጫው የተረፈበት፣ እጥፋቱ የዘመመበት አለ። ይሄኛውን ማን አጠፈው ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ በእርግጥ አንድ ሰው፣ አንድ ማታ፣ ወለል ላይ ተቀምጦ አጥፎታልና።

የዚያች ሸክላ ፊት ላይ ያለው ፎቶ የሰው ፊት የለበትም። የተጣመሩ ሁለት እጆች ናቸው፤ በእያንዳንዱ እጅ ጀርባ ላይ በወፍራም ጥቁር ቀለም የኤክስ ምልክት ተደርጓል። ልጆቹ በ1980 በጋ እስከ ካሊፎርኒያ ተጉዘው ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ማቡሃይ ጋርደንስ በሚባለው ክበብ፣ ዕድሜያቸው ለመጠጥ ስላልደረሰ፣ ማንም እንዳይቀዳላቸው እጃቸው ላይ ይህ ምልክት ተደረገና ገቡ። አገራቸው ሲመለሱ፣ በዚያው ዓመት ለተከፈተው 9:30 ለተባለው ክበብ ይህንኑ ሐሳብ አቀረቡ፦ እኛ የመጣነው ለሙዚቃው ነው፣ እጃችን ላይ ምልክት አድርጉና አስገቡን። ዛሬ በብዙ ክበብ ደጃፍ ዘበኛ ጥቁር ማርከር ይዞ ይቆማል። 14ኛው ጎዳና ላይ ብላክ ካት ደጃፍ ተራ ስጠብቅ እጃቸውን የሚዘረጉትን ታዳጊዎች አያለሁ። መሃላቸው የሐበሻ ልጆች አይጠፉም። ቀለሙ በአንድ ቀን እጥበት የሚለቅ አይደለም፤ ቅዳሜ ማታ የተደረገባት ልጅ እሑድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ቅዳሴ ስትቆም ኤክሱ እጇ ላይ እንዳለ ነው። እናቷ ምን ትላት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

የአዲስ አበባን ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው የሲጋር ሳጥኑን ታሪክ ሲሰማ ጋሽ አምኃ እሸቴ ትዝ ሳይሉት አይቀሩም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ማኅበሩ ደግሞ ለአዲሶቹ ዘፋኞች ሸክላ የማውጣት ሐሳብ አልነበረውም። አምኃ ገና በ20ዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ ባለ ሙዚቃ ቤት ነበሩ። ጣጣ ሊያመጣባቸው እንደሚችል እያወቁ በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀድተው ሕንድ አገር ልከው አሳተሙ። ሸክላው መጥቶ ሲሸጥ የከለከላቸው አልነበረም። በ1975 ከአገር እስኪወጡ ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጡ፤ ማሕሙድ አሕመድም ሙላቱ አስታጥቄም በዚያ በር አልፈዋል። ዛሬ ዓለም በአድናቆት የሚያዳምጠው የዚያ ዘመን ሙዚቃ ግማሹ የተረፈው አንድ ወጣት ነጋዴ አዋጁን ስላልፈራ ነው።

ጋሽ አምኃ ከአገር ሲወጡ የደረሱት ዋሽንግተን ነው። እዚያም ምግብ ቤት ከፈቱ፤ ጆርጂያ ጎዳና ላይ አይቤክስ የሚባል የምሽት ክበብ ነበራቸው። የዲስኮርድ ልጆች ሽፋን ሲያጥፉ የአዲስ አበባው ሸክላ አሳታሚ የዚያው ከተማ ነዋሪ ነበሩ ማለት ነው። ይህን ያህል ቅርብ መሆናቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን 18ኛው ጎዳና ነው፤ አዳምስ ሞርጋን ያለው። በ1979 እዚያ ማዳምስ ኦርጋን የሚባል የሠዓሊዎች የጋራ ቤት ነበር፤ ከከተማዋ የመጀመሪያ ፓንኮች ብዙዎቹ እዚያ ተጫውተዋል። በ1980 የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ወጣ፤ ከደርግ የሸሸው ሐበሻ በሱዳን በኩል እየዞረ ወደዚህ ከተማ ጎረፈ፤ ብዙም ሳይቆይ ያው ጎዳና የእንጀራ ጎዳና ሆነ። ቀይ ባሕር፣ መስከረም፣ ፋሲካ የሚባሉትን ምግብ ቤቶች የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያስታውሳቸዋል።

ማዳምስ ኦርጋን ውስጥ ከተጫወቱት አንዱ ባድ ብሬንስ ነው። አራት ጥቁር ወጣቶች፣ መጀመሪያ ጃዝና ፊውዥን ይጫወቱ የነበሩ፣ በኋላ ከዚያ በፊት ማንም ባልተጫወተበት ፍጥነት ፓንክ መጫወት የጀመሩ። እጃቸው በጃዝ የተፈታ ስለሆነ ያ ሁሉ ፍጥነት አንድ ምት አያዛንፍም። የዋሽንግተን ታዳጊዎች ሁሉ ከነሱ ተማሩ። የቦብ ማርሌን ኮንሰርት ካዩ በኋላ ራስ ተፈሪያን ሆኑ፤ በአንድ መድረክ ላይ ከሚያደነቁረው ፓንክ ወደ ረጋ ያለ ሬጌ፣ ከሬጌ ወደ ፓንክ ይመላለሱ ጀመር።

የመጀመሪያ አልበማቸው በ1982 ወጣ፤ ያወጣው በካሴት ብቻ የሚያሳትም የኒው ዮርክ ድርጅት ነበር። ሽፋኑን ላላየ ልንገረው፦ ቀለሙ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ነው፤ ከሰማይ የወረደ መብረቅ የአሜሪካን ምክር ቤት ጉልላት ይሰነጥቃል። በዚያ ዓመት ከካርቱም አዳምስ ሞርጋን የደረሰ ሰው ያንን ካሴት ሱቅ መስኮት ላይ አይቶት ከሆነ ምን ብሎ ይሆን? ቀለሙ የባንዲራው ነው። ልጆቹ የሚያመልኳቸው ንጉሥ ከስምንት ዓመት በፊት በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት ጃንሆይ ናቸው። አንዳንዱ መጤ ተማሪ ሳለ እሳቸው እንዲወርዱ ሰልፍ የወጣ ነው፤ አንዳንዱ አባቱ በእሳቸው ምክንያት የታሰረበት ነው። በአንድ መንገድ ላይ፣ ለአንድ ቀለም፣ ይህን ያህል የተለያየ ልብ። ብዙ የፓንክ ታሪክ መጽሐፎች ይህን ሽፋን ያነሳሉ፤ አጠገቡ ይኖር የነበረውን ሐበሻ ግን አያስታውሱትም።

ደግሞ ካሴት መሆኑ። ለኛም ዘመኑ የካሴት ነበር። ሸክላ አገር ቤት ካበቃ ቆይቷል፤ ዘፈን በሻንጣ፣ በኪስ፣ ከሰው ወደ ሰው እየተገለበጠ ነው የሚጓዘው።

ከእነዚያ ካሴቶች የአንዱ ታሪክ የሚጀምረው አዲስ አበባ ነው። ዋልያስ ባንድ አዲስ አበባ ሒልተን ይጫወት በነበረበት ጊዜ ሰዓት እላፊ ነበር። ክበቦች ሰዓቱ ሲደርስ በር ይቆልፋሉ፤ ውስጥ የቀረው ሰው ሲነጋ ነው የሚወጣው፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ሮክ አፍቃሪ ጓደኞቼ በድብቅ ስለሚዘጋጅ የምድር ቤት ኮንሰርት በኩራት ሲያወሩ እኔ ይህን እነግራቸዋለሁ። በ1981 ዋልያስ ለኮንሰርት አሜሪካ መጣ፤ ጥቂቶቹ ሲመለሱ ጋሽ ኃይሉ መርጊያና ሌሎች ቀሩ። አይቤክስ ውስጥ ተጫወቱ። በ1985 ጋሽ ኃይሉ ብቻቸውን አኮርዲዮን፣ ሙግና ሮድስ ኪቦርድ፣ የከበሮ ማሽንም ጨምረው አንድ ካሴት እዚሁ ዋሽንግተን ቀዱ። ከዚያ መድረኩ እየራቀ ሄደና ታክሲ መንዳት ያዙ። ደላስ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቁ ከሻንጣ ማስቀመጫው ኪቦርዳቸውን አውጥተው የኋላ ወንበር ላይ ይለማመዱ ነበር። ያ ካሴት አንድ ቅጂው ባሕር ዳር ላይ በአንድ አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ እጅ ገባ፤ ሰውየው አፈላልጎ ደወለላቸው፤ በ2013 እንደገና ታተመ፤ ጋሽ ኃይሉም ዓለምን እየዞሩ መጫወት ጀመሩ። ካሴቱ ከተቀዳበት ከተማ ባሕር ዳር ሄዶ ነው ወደ ተቀዳበት ከተማ የተመለሰው። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ስንት ቅጂ ተኝቶ ኖሯል።

ከዚያ ሁሉ ግን ልቤ ያለው አድማስ ባንድ ላይ ነው። በ1984 ቴዎድሮስ አክሊሉ፣ ሔኖክ ተመስገን፣ አበጋዝ ሺኦታና ጓደኞቻቸው ሰንስ ኦቭ ኢትዮጵያ የሚል ሸክላ ራሳቸው አሳተሙ። ዘፋኝ የለበትም፤ የአገር ቤት ዜማ በዚያ ዘመን ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ይጓዛል። ሔኖክና አበጋዝ በኋላ አዲስ አበባ ተመልሰው ስንቱን እንዳስተማሩና ስንቱን ዘፈን እንዳቀናበሩ አንባቢ ያውቃል። ያኔ ግን የምግብ ቤት መድረክ ላይ የሚሠሩ ወጣት ስደተኞች ነበሩ። ማንም አሳትሙ አላላቸውም፤ የሚያሳትምላቸውም አልነበረም። ራሳቸው ከፈሉ፣ ራሳቸው ሸጡ። ዲስኮርድ ቁጥር አንድ ከወጣች አራት ዓመት አልሞላም፤ ከተማው አንድ ነው። ሸክላው ለ36 ዓመት ያህል ጥቂት ሰብሳቢዎች ብቻ የሚፈልጉት ሆኖ ቆየና በ2020 እንደገና ታተመ። የዋሽንግተንን የራስ ጥረት ሙዚቃ የሚተርክ ሰው አድማስን ዘሎ ካለፈ፣ ታሪኩን ጎደሎ አድርጎ ነው የተረከው እላለሁ፤ በዚህ ላይ ማንም ቢሟገተኝ አልለቅም።

የዋሽንግተንን ባንዶች ሲጫወቱ ማየት ደግሞ ሌላ ነው። ፉጋዚ የሚባለው ባንድ ከ1987 ጀምሮ ለ15 ዓመት ያህል ሲጫወት መግቢያው አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዶላር ነበር፤ በየትኛውም ዕድሜ ያለ ሰው ይገባል። ከ1000 በላይ መድረክ ሠርተው ከ800 የሚበልጠውን ቀድተው አስቀምጠዋል፤ ከ2011 ወዲህ ማንም ሊያዳምጠው ይችላል። ቅጂዎቹን ሳዳምጥ ከዘፈኑ ይልቅ በመሃል ያለው ነው የሚይዘኝ። አንድ ጎረምሳ ሰው ሲገፋ ባንዱ ይቆማል። ጊታሩ ዝም ይላል። የባንዱ ዘፋኝ ኢያን ማካይ ያንን ልጅ ለይቶ በትሕትና ያናግረዋል፤ ካልሰማ አምስት ዶላሩ ተመልሶለት ይወጣል። ያንን ዝምታ ሳያጠፉ ማስቀመጣቸውን እወድላቸዋለሁ።

ነጻ መግቢያ የሚወድ ደግሞ በበጋ ፎርት ሪኖ ይምጣ። ከባሕር ጠለል 125 ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ የዋሽንግተን ከፍተኛው ቦታ ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ምሽግ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ የጥቁሮች መንደር ሆነ፤ በ1930ዎቹ መንደሩን አፈረሱት። አሁን ሣር ነው። ከ1968 ጀምሮ በየበጋው የሰፈር ባንዶች በነጻ ይጫወቱበታል፤ መጠጥ ክልክል ነው። እናት ልጇን አዝላ፣ ሽማግሌ ወንበሩን ይዞ፣ ጎረምሳ በብስክሌት ይመጣል። ሕፃናት መድረኩ ሥር ይሯሯጣሉ፤ ጊታሩ ሲጮህ ትልልቅ የጆሮ መከላከያ አድርገውላቸዋል። የኛ ሰው እዚያ ብዙ አላይም፤ ቢመጣ ግን ሣሩ ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ ቡና ማፍላት የሚያምርበት ቦታ ነው።

የሁለቱን ዓለም ልዩነት ማየት የሚፈልግ ሰው ማስታወቂያቸውን ይመልከት። የሐበሻ ኮንሰርት ፖስተር ያንጸባርቃል፤ የዘፋኙ ፊት ሙሉ ነው፤ ከሥሩ የትኬት መሸጫ ሱቆችና የስልክ ቁጥሮች ተደርድረዋል። የሮክ ማስታወቂያ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ፊት የለውም፤ የባንዶቹ ስም እንኳ ለማንበብ ያስቸግራል። ሐበሻው በፈረንጅ ሰዓት ማታ በ10 ይጀምራል ቢልም ዘፋኙ የሚወጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። የሮኩ ሦስት ባንድ አሳይቶ ከ11 በፊት ይበተናል። ስለዚህ በአንድ ማታ ሁለቱንም ማዳረስ ይቻላል፤ እኔም አደርገዋለሁ። 9:30 ክበብ ከ1996 ጀምሮ ያለው ቪ ጎዳና ላይ ስለሆነ፣ ሲያልቅ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ 9ኛው ጎዳና ላይ ጥብስ በልቶ ወደ ሐበሻው ማምራት ነው። ጆሮዬ ገና እየጮኸ ችክችካውን ስሰማ ከበሮው ለጊዜው የዘገየ ይመስለኛል፤ ትንሽ ቆይቶ ትከሻዬ ያገኘዋል።

ሁለቱ በእርግጥ የተገናኙት ግን እዚህ ሳይሆን በአምስተርዳም በኩል ነው። ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን የተጫወቱ ሰው ናቸው፤ የጎፈር ልብስ ለብሰው መድረክ ላይ ሲቆሙ ሳክስፎኑ ጀግና ይጠራል። በ2004 አምስተርዳም ሲጋበዙ ዘ ኤክስ የሚባለውን፣ ከ1979 ጀምሮ የነበረውን የሆላንድ ፓንክ ባንድ ሰሙ። ሌላ ሽማግሌ ቢሆን ጆሮውን ይዞ ይወጣ ነበር። እሳቸው ግን እነዚህ ልጆች ያጅቡኝ አሉ። በ2006 ሞዓ አንበሳ የሚለው አልበም ወጣ። የሰለቸ አድማጭ እንኳ ቢሆን ያንን አልበም ሲሰማ ይነሳል፤ የፓንኩ ጊታር ሻካራ ድምፅ ከፉካሪው ጋር ሲገጥም ማንም ማንንም ያለዘበ የለም። ሁለቱም ቁጣቸውን ይዘው ነው የገቡት። እስከ 2016 ድረስ፣ እሳቸው እስኪያርፉ፣ ወዳጅነቱ አልተቋረጠም።

የዋሽንግተን ከተማ ቤተ መጻሕፍት በ2014 የፓንክ ማኅደር ከፈተ። በፎቶ ኮፒ የተባዙትን ማስታወቂያዎች፣ ሸክላዎች፣ በእጅ የተሠሩ መጽሔቶችና ካሴቶች ሰብስቦ ያስቀምጣል። የዚያ ሙዚቃ ልጆች ሲያረጁ ከእናታቸው ቤት ምድር ቤት ያለውን ሳጥን እያመጡ ሰጡ። ስሰማ ደስ አለኝ። ወዲያውም የአይቤክስ ፖስተሮች የት ናቸው? ብዬ አሰብኩ። 18ኛው ጎዳና ላይ በየምግብ ቤቱ ጥግ የተጫወቱት ባንዶች ፎቶ፣ በር ላይ የተቆረጠው ትኬት፣ በእጅ ተጽፎ የተባዛው የካሴት ሽፋን የት ነው? አድማስንና ጋሽ ኃይሉን እንደገና ያሳተሙልን የሌላ አገር ሰዎች ናቸው፤ አመሰግናቸዋለሁ። ቀሪውን ግን የኛው ሰው ነው የሚያውቀው።

ስለዚህ ከኮንሰርት በኋላ ሐበሻ ሱቅ እየገባሁ መስኮት ላይ ያለውን ፖስተር እጠይቃለሁ። ሰሞኑን አንዲት ባለሱቅ በርበሬ እየመዘኑ «ቀኑ አልፏል እኮ ወንድሜ፣ ምን ይሠራልሃል?» አሉኝ። «ለማስቀመጥ ነው እትዬ» ስላቸው ራሳቸው ከመስታወቱ በጥንቃቄ ልጠው፣ ፕላስተሩን ወደ ውስጥ አጥፈው ሰጡኝ። «የዱሮዎቹን አንተ መቼ አየህ፤ ይሄ ግድግዳ ሙሉ ነበር» አሉ። ማን ማን እንደነበረ ጠየቅኳቸው። መዘርዘር ሲጀምሩ ደንበኛ መጣ።

ፖስተሮቻችን አንድ ጉድለት አላቸው፤ የሮኮቹም እንዲሁ። ቀኑና ወሩ አለ፣ ዓመቱ የለም። የሚለጥፈው ሰው ለነገ ቅዳሜ እንጂ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ላለው አያስብማ። ስለዚህ እቤት ስደርስ ጀርባው ላይ በእርሳስ ዓመቱን እጽፋለሁ፤ በፈረንጁም በኛም። አዳራሹን፣ ባንዱን፣ በረኛው ስንት እንዳስከፈለ እጨምራለሁ። የአይቤክስን ዘመን የሚያውቁት ግን ሌሎች ናቸው፦ ያስተናገዱት፣ ትኬት የቆረጡት፣ ጊታር የተሸከሙት፤ ጋሽ አምኃ በ2021 አርፈዋል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ግን ዛሬም እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ አሉ፣ ቡና ቤት ተቀምጠው ያወጋሉ። ለእትዬም በሚቀጥለው ሳምንት በርበሬ ልገዛ ስሄድ ደብተር ይዤ ነው የምገባው፤ ዝርዝሩ ገና አላለቀም።